ሁለት ዋጋ

ታናሽ ወንድሜ ከእንግሊዝ አገር ደውሎ፣ «ወንድም ጋሼ፣ አሳዳጊዬ የምትወደኝ ለገንዘብ ነው እንዴ?» ሲል በጠየቀኝ ዕለት መልስ አጣሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስቆጥር የምውል የባንክ ሠራተኛ ነኝና፣ ስለ ገንዘብ ተጠይቄ ዝም ማለቴ አሳፈረኝ።

ዶቨር ወደብ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2019 በጭነት መኪና ውስጥ ተደብቆ ነው። ዕድሜው 16 ነበር። በዚያ አገር በ1989 የወጣው የሕፃናት ሕግ፣ ጠባቂ የሌለውን ልጅ ከየትም ይምጣ ከየት፣ የተገኘበት አካባቢ ምክር ቤት እንዲረከበው ያዛል። ምክር ቤቱ አሳዳጊ ይፈልግለታል፣ ትምህርት ቤት ያስገባዋል፤ ለወጪው ደግሞ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ድጎማ ይሰጠዋል። በዚያ ዓመት የተቆረጠው ለአንድ ልጅ በቀን 114 ፓውንድ ነበር። ወንድሜ ይህን ከጓደኛው ሰምቶ ልቡ ተሰብሯል።

እኔ ግን ከዚያ በፊት ሌላ ዋጋ ተቆርጦለት አውቃለሁ። ሊቢያ ውስጥ አጋቾች ይዘውት ሳለ 120 ሺህ ብር ተጠየቅን። የእናታችን በሬዎች ተሸጡ፣ የእኔም ቁጠባ ተጨመረ። ብሩን በገዛ እጄ ቆጥሬ መርካቶ ለአንድ ደላላ አስረከብሁ። ደረሰኝ አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ የእነዚያን ምክር ቤቶች ወሬ አጥብቄ መከታተል ጀመርሁ። ዶቨር የሚገኝበት የኬንት ምክር ቤት በነሐሴ 2020፣ ኋላም በሰኔ 2021፣ «ሞልቶብኛል፣ ከአቅሜ በላይ ነው» ብሎ አዲስ የሚመጡ ልጆችን መቀበል አቆመ። መንግሥትም ልጆቹን ሆቴል አስቀመጣቸው። በእኛ ሙያ ባለቤቱ ያልታወቀ ገንዘብ በተንጠልጣይ ሒሳብ ይያዛል፤ ልጆቹም እንደዚያው ተንጠለጠሉ። ብዙዎቹ ከሆቴሎቹ ወጥተው የደረሱበት ጠፋ። በሐምሌ 2023 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የምክር ቤቱም እምቢታ፣ የሚኒስቴሩም የሆቴል አሠራር ሕግ የጣሰ ነው ሲል ፈረደ።

ያን ጊዜ የወንድሜ ጥያቄ ትዝ አለኝ። ያ 114 ፓውንድ የምክር ቤቱ እንጂ የአሳዳጊው አልነበረም፤ የእርሷ አበል፣ የማኅበራዊ ሠራተኛው ደመወዝ፣ የአስተርጓሚው ክፍያ ሁሉ የሚወጣው ከዚያ ላይ ነበር። አበሉ ለአልጋውና ለእህሉ ነው። ትኩሳት በያዘው ሌሊት ግንባሩን ስትዳስስ ማደሯን ግን ማንም በሒሳብ አልያዘላትም። ዛሬ ወንድሜ አድጎ ከቤቷ ወጥቷል፤ የልጅነቱ ክፍያም ከቆመ ቆየ። እርሷ ግን እሑድ እሑድ አሁንም ምሳ ትጠራዋለች።

ፍቅር በበጀት አይገዛም። አልጋው ግን በበጀት ይዘረጋል፤ ያ አልጋ ባይዘረጋ ኖሮ እርሷና ወንድሜ ባልተዋወቁም ነበር። ዘግይቼም ቢሆን ደውዬ ይህንኑ ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «የመርካቶውስ?» አለኝ። ያን ለማንም አውርቼ አላውቅም ነበር፤ እናታችን ነግራው ኖሯል። አሁንም መልስ አጣሁ።

በማግስቱ መስኮቴ ላይ ደንበኛ እስኪመጣ በአንድ የገቢ ደረሰኝ ጀርባ ይህችን ጻፍሁ፦

በሰው ልጅ ዋጋ ላይ ሁለት ሚዛን አለ፤
አንዱ ሰው የሸጠ፣ አንዱ ሰው ያዘለ።