ሰው ያየናል

ባለቤቴ ከአዲስ አበባ ስቶክሆልም የገባችው በኅዳር ነው። ወሩን እኛ አልመረጥነውም፤ የመኖሪያ ፈቃዱ የወጣው ያኔ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን የእኔ ምርጫ ነው። ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን እንዳላነሣ ብቻ አስጠንቅቃኛለች።

ጥፋቴ ይህ ነው፦ አንድ ክረምት ሙሉ ሚስቴን ከተዘጋ መጋረጃ ጀርባ አስቀመጥኳት፤ ይህንንም ጨዋነት አልኩት። ስትታመም ደግሞ ዋሸሁ። ወደ ውሸቱ ቆይቼ እመጣለሁ፤ ከእሱ ብጀምር መጋረጃው ቀላል ነገር ይመስላል።

ክረምት ስል የሐምሌና የነሐሴን ዝናብ ማለቴ አይደለም። የእኛ ክረምት ቢዳምንም ቀኑ ቀን ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በዓመቱ አጭሩ ቀን እንኳ ፀሐይ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በላይ ትቆያለች። ስቶክሆልም 59 ዲግሪ ላይ ናት። ታኅሣሥ 12 ገደማ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ለ3 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ትወጣና 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ወጣች የሚባለውም ለወጉ ነው። እኩለ ቀን ላይ ከአድማስ 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለምትል ፎቅም ይጋርዳታል፣ ጥድም ይጋርዳታል። በረዶ ሳይጥል ደመና ብቻ ተደፍቶ የሚከርምበት ኅዳር ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። በረዶ ቢኖር እንኳ መሬቱ ትንሽ ብርሃን ይመልስ ነበር።

የአገሩ ሰው ይህን ጨለማ የሚያሳልፍበት ሥርዓት አለው። ስዊድኖች ቤት ስትገቡ ጣሪያው መካከል ያለው ትልቅ አምፖል ብዙ ጊዜ አይበራም። በየጥጉ፣ በየመደርደሪያው፣ ከሶፋው ጎን ትንንሽ መብራቶች አሉ። ዋናው ግን መስኮቱ ነው። የመስኮቱ ደፍ ላይ ቆብ ያላት ትንሽ መብራት ትቀመጣለች፤ ወይም ከላይ ትንጠለጠላለች። መጋረጃ የሚባለው በግራና በቀኝ የተሰቀለ ስስ ጨርቅ ነው፤ ለጌጥ እንጂ ሊዘጋ አይደለም። ብዙ ቤቶች ሲሠሩም ከመስኮቱ በላይ የመብራት ሶኬት ይገጠምላቸዋል። እኔ ያንን ሶኬት ለዓመታት በመጋረጃ ሸፍኜው ኖርኩ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ተሳስቶ ያስቀመጠው ይመስለኝ ነበር።

ገና ሊገባ አራት እሑዶች ሲቀሩት ደግሞ ከተማው በአንድ ሌሊት ይለወጣል። በየመስኮቱ ውስጡ አምፖል ያለበት የወረቀት ኮከብ ይሰቀላል፤ ከሥሩ እንደ ድንኳን መካከሉ ከፍ ብሎ የተደረደሩ ሰባት ሻማ መሰል አምፖሎች ይቀመጣሉ። ኮከቡ የመጣው ከጀርመን ነው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን የሞራቪያ ወንድማማቾች በሚባሉት ክርስቲያኖች ትምህርት ቤቶች ነበር የተጀመረው። ባለ ሰባቱን በኤሌክትሪክ የሠራው ግን የስዊድኗ ዮተቦሪ ከተማ ሰው ኦስካር አንደርሾን ነው። በ1930ዎቹ ፊሊፕስ ውስጥ ሲሠራ አውጥቶት ከ1939 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበያ ቀረበ። ዛሬ በታኅሣሥ ያለ እሱ የሚታይ መስኮት ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። የእኛ የሐበሾቹ መስኮት ግን ከመንገድ ይለያል፤ ጥቁር ነው፣ ጠርዙ ላይ ብቻ ነጭ መስመር ይታያል።

አውቶቡስ ነጂ ነኝ። የመጀመሪያውን ጉዞ ይዤ ስወጣ መንገዱ ላይ ሰው የለም፤ መስኮቶቹ ግን በርተዋል። ቀይ ኮከብ፣ ነጭ ኮከብ፣ ከዚያ ሰባቱ አምፖሎች፣ ከዚያ ደግሞ አንዲት ትንሽ መብራት። ያ ብርሃን ያጽናናኝ እንደነበር አልክድም። ከማላውቃቸው ሰዎች መስኮት ለዓመታት ብርሃን ስቀበል የእኔ መስኮት ለአላፊ አግዳሚው ምንም እንደማይሰጥ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ይሄስ ይሁን። የሚከብደኝ ሌላ ነው። እኔ ያ መንገድ ነበረኝ፤ እሷ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች።

መጋረጃው መርካቶ የተሰፋ ነው። ወይን ጠጅ ቀለም፣ ወፍራም፣ ከታች ዘርፍ ያለው። ለአገር ቤት እረፍት ሄጄ ስመለስ ያስያዘችኝ እናቴ ናት። ያደግኩት ጉለሌ፣ ብዙ ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። መስኮታችን የሚያየው የጎረቤት በር ነበር። ሲመሽ መጋረጃው ይጋረዳል፤ ማዕድ ሲቀርብ በሩ ገርበብ ይላል። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የሰው ዓይን አለ፣ ሌባ አለ፣ ያልበላውን ጎረቤት እንዳናስጎመጅ የሚይዝ ይሉኝታም አለ። በዚህ እናቴን አልወቅስም፤ ለዚያ ግቢ ልክ ነበረች።

እናቴ ግን ቀኑን ሙሉ ደጅ ናት። ቡና የምትቆላው በረንዳ ላይ፣ ምስር የምትለቅመው ፀሐይ ላይ፣ ልብስ የምታጥበው ግቢው መካከል ነበር። ቤቱ ቢጨልምም ኑሮው ብርሃን ውስጥ ነው። እኔ መጋረጃውን ይዤ መጣሁ፤ ግቢውን ግን ሻንጣ አይችለውም። ያ ጨርቅ ጉለሌ ሳለ የሚጋርደው ከብዙ ብርሃን ጥቂቱን ነበር፤ እዚህ ጥቂቷን ይጋርድ ጀመር። ይህን ለመረዳት የተማረ ሰው መሆን አያስፈልግም ነበር፤ መስኮቱ አጠገብ አንድ እሑድ ቁጭ ማለት ይበቃ ነበር። እኔ እሑድ እሑድ እተኛለሁ።

ስለ ነጩ መብራትም ልናገር። ለእኔ ቢጫ መብራት ማለት ኃይል ያነሰው መብራት ነው። አዲስ አበባ ኃይሉ ሲወርድ አምፖሉ ይቀላል፣ ቀጥሎ ድርግም ይላል። ሻማ ደግሞ የሚፈለገው መብራት ሲጠፋ ነው። ስዊድን እንደመጣሁ አንድ የሥራ ባልደረባዬ እራት ጠርቶኝ ጠረጴዛው ላይ ሻማ ሲለኩስ፣ ያልከፈለው የመብራት ዕዳ ያለበት መስሎኝ አዝኜለት ነበር። ስለዚህ ቤቴን ባለ 6500 ኬልቪኑን አምፖል ገጠምኩለት፤ እነሱ ለሳሎን የሚገዙት 2700ውን፣ ወደ እሳት ቀለም የሚያደላውን ነው። ጎረቤታቸው ዴንማርክ ውስጥ ፖል ሄኒንግሰን የሚባል ሰው አምፖል ዓይን እንዳይወጋ በተደራረቡ ቆቦች የሚጋርድ መብራት የሠራው ገና በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፤ እስከ ዛሬም ይሸጣል። የእኔ አምፖል ግን ራቁቱን ነበር፤ ሳሎኑ የመድኃኒት ቤት መጋዘን ይመስል ነበር። አገር ቤት ሲመሽ መብራት እንደበራ «እንዴት አመሻችሁ» እንባባላለን። እዚህ መብራቱ ከጠዋት ጀምሮ ስለሚበራ ያን ሰላምታ የሚል ሰው በቤታችን አልነበረም።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ መጋረጃው ተገልጦ አገኘሁት።

«ፊት ለፊት ያሉት ሴትዮ ኮከብ ሰቀሉ» አለችኝ። «አንድ ለእኛም ግዛልን።»

«ዝጊው፣ ሰው ያየናል።»

«ማን? አራተኛ ፎቅ ላይ እኮ ነን።»

መልስ ስላልነበረኝ ሃይማኖት አመጣሁ። ይሄ የእነሱ ገና ነው፣ የእኛ ታኅሣሥ 29 ነው፣ ገና ጾም ላይ ነን አልኳት። የነቢያትን ጾም እሷ ትጾማለች፤ እኔ በዚያው ቀን ሥራ ቦታ ሥጋ በልቼ ነበር የገባሁት። ደግሞም ስዊድኖች ኮከቡን የሚያወርዱት ጃንዋሪ 13 ነው፤ ያ በእኛ ጥር 5 ገደማ ነው። የእኛ ገና ሲገባም የሴትዮዋ ኮከብ እንደበራ ነበር። ባለቤቴ ይህን አይታለች፤ ግን አላነሣችብኝም።

የመብራት ክፍያም ሰበብ አድርጌ ነበር። ኋላ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ሦስት ዋት የሚወስድ የመስኮት አምፖል በቀን አሥር ሰዓት ቢበራ በወር አንድ ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። የእኔ ነጭ አምፖሎች ያለ ሥራ የሚፈጁት ከዚያ ይበልጥ ነበር።

በጥር መተኛት አበዛች። እኩለ ቀን ላይ ትነሣለች፤ ቀኑ ሊመሽ ሲል ማለት ነው። ዳቦና ጣፋጭ ብቻ ትበላለች። እናቷ ስትደውል ስልኩን አይታ ታስቀምጠዋለች። ቡና ማፍላት ስታቆም መንቃት ነበረብኝ፤ ቡና የማታፈላ ሴት አይደለችም። እኔ መጀመሪያ ስንፍና አልኩት፣ ቀጥሎ ናፍቆት። አንድ ሁለቴ ደግሞ «ሰው አውሮፓ ገብቶ እንዲህ ይሆናል?» ብያታለሁ። ከመጋረጃው ይልቅ ይህችን ቃል መመለስ ብችል ደስ ይለኝ ነበር።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ በስልክ አስተርጓሚ ላቅርብ ስትል፣ አያስፈልግም፣ ባሏ ነኝ አልኩ። ቀን ቀን ከቤት ትወጣለች? ቤት ውስጥስ ብርሃን ታገኛለች? ብላ ጠየቀች። ባለቤቴ ረጅም መልስ ሰጠች። በዚያ ቤት ቀን እንደሌለ፣ መጋረጃውን ስትከፍት እንደምቆጣት፣ የሚነጋውንና የሚመሸውን በስልኳ ሰዓት ብቻ እንደምታውቅ ተናገረች። እኔ ወደ ስዊድንኛ የመለስኩት እንዲህ ብዬ ነው፦ «አዎ፣ ትወጣለች። ትንሽ አገሯ ናፍቋታል።»

ቋንቋውን አታውቅም፤ ርዝመቱን ግን ታውቃለች። ዞር ብላ አየችኝ። ወደ ቤት እስክንደርስ አልተናገረችም። እኔም ዝምታዋን እንደ ሕመሟ ቆጠርኩት፤ ይመቸኝ ነበርና።

በሁለተኛው ጊዜ ቀጠሮውን ያስያዘችው ራሷ ናት፤ ቋንቋ ትምህርት ቤት የተዋወቀቻት አንዲት ሴት ረድታት። አስተርጓሚው በስልክ ቀረበ፤ አማርኛው የጎንደር ሰው አማርኛ ነበር። እኔ ጥግ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጬ ሚስቴ ያለችውን ሁሉ አንድ የማላውቀው ሰው አንድም ሳያስቀር በስዊድንኛ ሲናገረው ሰማሁ። ነርሷ የመጀመሪያውን መዝገብ ከፍታ አነበበች፣ ከዚያ እኔን ሳታይ መጻፍ ቀጠለች። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ደሟ ሲታይ ቫይታሚን ዲ አንሷት ተገኘ፤ እንክብል ታዘዘላት። እዚህ ላይ ሁሉንም በመጋረጃው ላይ እንዳላላክክ ልጠንቀቅ። ለዚያ ቫይታሚን የሚያስፈልገው ጨረር በመስታወት አያልፍም፤ በክረምት ደግሞ እዚህ ደጅም ቢወጡ የለም ማለት ይቻላል፤ እንደኛ ጠቆር ላለ ቆዳ ደግሞ ይብሳል። መንፈስን የሚጎዳው የብርሃን ማነስ ግን በዓይን በኩል የሚገባ ነገር ነው፤ እሱ መስኮት ያውቃል። የወቅት ድብርት የሚባለውን ሕመም በ1984 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር በጥናት የገለጸው ኖርማን ሮዘንታል ራሱ ከደቡብ አፍሪካ ወደ አሜሪካ የሄደ ሐኪም ነው። ክረምት ሲገባ እንደሚደክመው ያስተዋለው ከፀሐይ አገር ወጥቶ ነው። እኔም ከፀሐይ አገር የወጣሁ ነኝ፤ ሰውነቴ የሚለኝን ግን አውቶቡሱ ውስጥ ቡና እየጠጣሁ አልፈው ነበር።

ከሁለተኛው ቀጠሮ በተመለስንበት ዕለት ማታ መጋረጃውን አወረድኩ። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ «እሺ» አለች። ከዚያ በላይ አላለችም፤ እኔም ከዚያ በላይ ለመጠየቅ ፊት አልነበረኝም። ለመስኮቱ ቢጫ ቆብ ያላት መብራት ገዛሁ፤ የመጀመሪያውን ኮከብም በዓመቱ ሰቀልን። መጋረጃው ተጥሎ አልቀረም፤ መኝታ ቤት ነው ያለው። በሰኔ ፀሐይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ስለምትወጣ ለእሱ ትክክለኛው ሥራ እዚያ ተገኝቶለታል። ስዊድኖቹም በበጋ መስኮታቸውን በጥቁር ጨርቅ ሲጋርዱ ሳይ ስቄያለሁ።

ይህን ጽሑፍ ሳልሰጥ ባለቤቴ አነበበችው። ስለ ጤና ጣቢያው የጻፍኩት ልክ ነው አለች፤ የጎንደሩን አስተርጓሚ ጨምሮ። አንድ ነገር ግን አርሜያለሁ አለች። ቢጫዋን መብራት የገዛችው እሷ ናት፤ በመጀመሪያ ደመወዟ፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ ሥራ እንደጀመረች። ደረሰኙም አለኝ አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ የተሸከምኩት ካርቶኑን ነው።