ሁለት ካርድ

በአገራችን ሠርግ ላይ ምርቃቱ ለሁለት ነው። «ውለዱ፣ ክበዱ!» ይባላል። ሽማግሌዎች እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቁ ሙሽራውን ትተው ሙሽሪትን ለብቻዋ «ውለጂ» አይሏትም። አንደኛው ዓመት አልፎ ሁለተኛው ሲጋመስ ግን ሰዋስዉ ይለወጣል። ብዙ ቁጥሩ ይቀርና ለሴት የሚነገረው ነጠላ ይመጣል። «ምነው ዝም አልሽ?» «ምን ትጠብቂያለሽ?» «ለመሆኑ ታይተሻል?» ለሁለት የተመረቀው ነገር ሲዘገይ ተጠያቂዋ አንዲት ትሆናለች።

እኔና ባለቤቴ ናዝሬት ውስጥ ጎጆ ከወጣን አምስት ዓመት ሆነን። (አዳማ ማለት ለሚመርጥ አዳማ ይሁንለት፤ እኛ ቤት ሁለቱም ስም ይሠራል።) እኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። እሱ የጅቡቲ መስመር የተሳቢ ሾፌር ነው። ልጅ አልወለድንም። «ታይተሻል?» ለሚለኝ ሁሉ መልሴ «አዎ» ነበር፤ እውነቴንም ነው። በሦስት ክሊኒኮች ታይቻለሁ። ሦስቱም ቦታ በስሜ ካርድ ወጥቷል፤ ሦስቱም ቦታ አልትራሳውንድ ተነሥቻለሁ፤ ከሦስቱም የመድኃኒት ማዘዣ ይዤ ወጥቻለሁ። አንዱ «ትንሽ ኪስት ነገር ይታያል» አለኝ። ሌላው «ምንም የለብሽም፣ አትጨነቂ» አለኝ። ሦስተኛው እንቁላል ያበዛል የተባለ እንክብል ለስድስት ወር አስዋጠኝ። ከሦስቱ አንዱም «ባለቤትሽስ?» ብሎ አልጠየቀኝም።

ከክሊኒክ ውጭ ያለውም ምክር ከዚህ አይለይም። «ማህፀንሽን ብርድ ገብቶት ነው፤ ሶደሬ ሄደሽ ሰባት ቀን ፍል ውሃ ተዘፍዘፊ» ያሉኝ ጎረቤት አሉ። ሥር ቀቅለው ያመጡልኝ አሉ። «ለቁልቢ ገብርኤል ተሳዪ» ያሉኝም ብዙ ናቸው፤ ለታኅሣሥ 19 በናዝሬት በኩል ወደ ሐረርጌ የሚያልፈውን ምእመን እያየ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ምክር አይደለም። ስለት የሰው የልቡ ነውና አልነቅፈውም። የሚገርመኝ ግን ሐኪሙም፣ ባለ ሥሩም፣ መካሪውም ሁሉ በአንድ አንቀጽ መናገራቸው ነው፤ ዋጪ፣ ተዘፍዘፊ፣ ጠጪ፣ ተሳዪ።

የዓለም ጤና ድርጅት መካንነትን ሲተረጉም ለ12 ወር ወይም ከዚያ በላይ ያለ መከላከያ በመደበኛነት ግንኙነት እየተደረገ ጽንስ አለመገኘት ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከስድስት አዋቂዎች አንዱ ያህሉ በዕድሜው አንድ ወቅት ይህ ይገጥመዋል። ምክንያቱ ሲፈተሽ ደግሞ በግማሽ ያህሉ ባልና ሚስት ዘንድ የወንዱ ድርሻ አለበት፤ አንዳንዴ ለብቻው፣ አንዳንዴም ከሴቷ ጋር ተዳብሎ። እንግዲህ ሴቷን ብቻ የሚመረምር ሰው ገና ከመነሻው የጉዳዩን ግማሽ ትቶታል ማለት ነው።

አዲሷን ሐኪም ያገኘናት በባለቤቴ የሥራ ባልደረባ በኩል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በዚሁ ሕክምና የሠለጠነች ስፔሻሊስት መኖሯን ነገረው። ከዓመታት በፊት ቢሆን እንዲህ ያለውን ሕክምና የሚሻ ሰው አቅም ካለው ወደ ሕንድ ወይም ወደ ሌላ አገር ይበርራል፤ ከሌለው ዕጣውን ተቀብሎ ይቀመጣል። በ2011 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሥር የመካንነትና የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማዕከል ተከፈተ። ጽንስን ከማህፀን ውጭ የማስገኘቱ ሕክምና በመንግሥት ተቋም ሲሰጥ ይህ በአገራችን የመጀመሪያው ነው። ተራው ሰው ስለዚህ ነገር ቡና ላይ ማውራት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል።

በቀጠሯችን ቀን በፈጣኑ መንገድ ማልደን ገባን። ካርድ ክፍል ስደርስ ስሜን፣ ዕድሜዬንና አድራሻዬን ሰጠሁ።

«የባለቤትዎስ?» አለችኝ ጸሐፊዋ።

«እሱ ሊያደርሰኝ ነው የመጣው።»

«ሁለት ካርድ ነው የሚወጣው» አለች። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ለእሷ የዕለት ሥራዋ ነው። እኔ ግን የእሱ ስም በሁለተኛው ካርድ ላይ ሲጻፍ ቆሜ አየሁ። ባለቤቴ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያሻሸው ጀመር።

ሐኪሟ ጎልማሳ ናት። ሁለታችንንም ጠረጴዛው ፊት አስቀመጠችና የመጀመሪያ ጥያቄዋን ለእሱ አቀረበች። «በወር ውስጥ ስንት ቀን ቤት ያድራሉ?»

ባለቤቴ አሰበ። ጭነት ይጠበቃል፤ ወደ ጋላፊ ይወረዳል፤ ወደብ ላይ ወረፋ አለ፤ መመለስ አለ። «ስድስት፣ ሰባት ቀን ቢሆን ነው» አለ። ሐኪሟ ወረቀት ላይ ክብ ሠርታ አሳየችን። እንቁላል ከወጣች በኋላ የምትቆየው አንድ ቀን ያህል ነው፤ የወንድ ዘር በሴቷ አካል ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ በወር ውስጥ ጽንስ ሊገኝ የሚችለው በስድስት ቀን ገደማ ብቻ ነው። «እናንተ ስልሳ ወር ቆጥራችኋል» አለች፤ «እነዚያ ቀኖች ቤት ካደሩባቸው ቀኖች ጋር የተገጣጠሙት ግን ስንት ወር እንደሆነ ማን ያውቃል?» አምስት ዓመት ሙሉ የተሸከምኩት ቁጥር እዚያች ክብ ላይ ሲያንስ ተመለከትኩ።

ከዚያ ጥያቄው ቀጠለ። ሲጋራ? ጫት? ቀዶ ሕክምና? የአባላዘር በሽታ? በአፍሪካ የሴቶችን የማህፀን ቱቦ ከሚዘጉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ በወቅቱ ያልታከመ ኢንፌክሽን መሆኑን ነገረችን፤ ቀጥላም በየተራ ለየብቻ አነጋገረችን። ሰው ከትዳር ጓደኛው ፊት የማይናገረው ነገር ሊኖረው እንደሚችል ታውቃለችና። ባለቤቴን በመጨረሻ «ጆሮ ደግፍ ታመው ያውቃሉ?» አለችው። በጉርምስና ወይም ከዚያ በኋላ የሚይዝ ጆሮ ደግፍ አንዳንዴ የወንድን ዘር ማምረቻ ይጎዳል። እሱ አላስታወሰም። «እናትዎን ይጠይቁ» አለችው።

የነገሩ ክብደት የወደቀው እዚህች ቀላል ትእዛዝ ላይ ነው። እናቱ የሚኖሩት ወንጂ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ሄድን። ቡናው ቀርቦ እንደ ልማዳቸው ወደ እኔ ዞረው «እህ፣ ምን አሉሽ ታዲያ?» አሉ። እኔ ከመመለሴ በፊት እሱ ቀደመኝ።

«እማዬ፣ ጆሮ ደግፍ ይዞኝ ያውቃል?»

«በአሥራ አራት ዓመትህ። ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቤት ቀርተሃል። ምነው?»

«ሐኪሟ ጠይቃኝ ነው።»

«አንተን?»

«አዎ፣ እኔን። የምመረመረው እኔም ነኝ።»

ሲኒውን አስቀመጡ። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ይቺን ልጅ ምን አድርጊ እያልን ነው የኖርነው?» አሉ። ለማንም ያሉት አልነበረም።

አማቴ ወንጂ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ ጥርሳቸው እንደ ብዙ የአካባቢው ሰው ቡናማ ነው። የማያውቅ ሰው ጥርሱን የማይፋቅ ሕዝብ ይመስለዋል። ጥፋቱ ግን የማንም አይደለም፤ የስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ አለት ለጉድጓድ ውሃው የሚያጋራው ፍሎራይድ ነው። በልጅነት ያንን ውሃ የጠጣ ጥርሱ ይበልዛል፤ ሲበረታም አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ምክንያቱ ሲታወቅ ወንጂ ሌላ ውሃ ፈለገች እንጂ ሰዎቿን አልነቀፈችም። መካንነትም ሰው ዘንድ ያለ ነገር ነው፤ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም ተፈልጎ ይገኛል፤ ባይገኝ እንኳ የማንም ኃጢአት አይሆንም።

ምርመራው ተከተለ። የእኔ በራጅ ነው፤ በማህፀን በኩል ፈሳሽ ተረጭቶ ቱቦዎቹ ክፍት መሆናቸው ይታያል። ያማል። ክፍት ሆነው ተገኙ። የእሱ መርፌ የለውም፣ ራጅ የለውም፤ ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ናሙና መስጠት ብቻ ነው። ከሁሉ የቀለለው ምርመራ ከሁሉ በኋላ መምጣቱን ሳስብ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። ውጤቱ በአንድ ሚሊ ሊትር ዘጠኝ ሚሊዮን ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተመው መመሪያ ዝቅተኛው መለኪያ 16 ሚሊዮን ነው። ጆሮ ደግፉ ይሁን ሌላ፣ ሐኪሟ በአንድ ወረቀት አልፈረደችም። አዲስ ዘር ተሠርቶ እስኪወጣ ሁለት ወር ተኩል ያህል ስለሚወስድ፣ ከሦስት ወር በኋላ እንዲደገም አዘዘች። እስከዚያ ሲጋራ የለም፣ ጫት የለም። «ሙቀትም ለዘር ጥሩ አይደለም፤ ፍል ውሃ ይቅርብዎት» ስትለው ሳቄ አመለጠኝ። ለእኔ መድኃኒት የተባለው ሶደሬ ለእሱ ክልክል ሆነ!

ባይሻሻልስ? እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1978 እንግሊዝ አገር ኦልድሃም ከተማ ሉዊዝ ብራውን ተወለደች፤ ከማህፀን ውጭ በተገኘ ጽንስ የተወለደች የመጀመሪያዋ የዓለም ሕፃን ናት። የእናቷ ቱቦዎች ተዘግተው ነበር። ዘሩ ላነሰ ወንድ ደግሞ አንዲት ዘር ተመርጣ በመርፌ ወደ እንቁላል የምትገባበት ዘዴ ፍሬ ማፍራቱ ከብራሰልስ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ ከ14 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። መንገዱ እንግዲህ አለ። ግን ውድ ነው፤ ሙከራው ሁሉ አይሠምርም፤ የሴቷ ዕድሜ በገፋ ቁጥር ተስፋው ይቀንሳል። ሐኪሟ ይህን ሳትሸፋፍን ነግራናለች፤ ስለዚህም አመንኳት።

ሌላም መንገድ አለ። የባለቤቴ ወገኖች ከጥንት ጀምሮ የሌላውን ልጅ የራስ አድርጎ ማሳደግን ያውቁታል። የ1992ቱ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግም በአማርኛው ቅጂ ጉዲፈቻ ብሎ በኦሮምኛ ስሙ ይጠራዋል። በአገሩ ልማድ ጉዲፈቻ የወለዱ ሰዎችም ወግ ነው፤ ልጅ ያጣ ሰው መጽናኛ ብቻ አይደለም። እኛም በዚያ ዓይን እንጂ በሽንፈት ዓይን አናየውም።

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ዓመት ጠብቃችሁ ካልሆነ፣ ሚስት 35 ዓመት ካለፋት ደግሞ ስድስት ወር ጠብቃችሁ፣ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ ሁለታችሁም ሂዱ። «ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ» የማይል ሐኪም ከገጠማችሁ እናንተ ጠይቁት።

የሁለተኛው ምርመራ ቀን ገና አንድ ወር ይቀረዋል። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ አዋሽ ላይ ለምሳ ቆሞ ሳለ ስልኩ ጮኸ፤ እናቱ ነበሩ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርሱ «አንተ፣ ያንን ሲጋራ ተውከው ወይ?» አሉት።