በወሎ ሰማይ የሚያልፍ ሁሉ ድሮን አይደለም

በሐይቅና በአምባሰል አመሻሽ ላይ ሰማይ ማንጋጠጥ የቆየ ልማድ ነው። ረመዳን ሲገባና ሲወጣ ሙስሊሙ ወደ ምዕራብ ዞሮ ጨረቃ ይፈልጋል። የቤተ ክርስቲያኑ ሊቅ በባሕረ ሐሳብ አበቅቴና መጥቅዕ አስልቶ ፋሲካ የሚውልበትን ቀን አስቀድሞ ይናገራል። አንዱ በዓይን፣ ሌላው በቁጥር ሰማዩን ሲያነብ ኖሯል።

ባለፉት ዓመታት ግን ሰማዩ ሌላ ትርጉም ያዘ። ጦርነት መጣ፣ ከጦርነቱም ጋር ድሮን። ዛሬ በጨለማ የሚንቀሳቀስ ብርሃን ሲታይ የብዙ ሰው ልብ ቀድሞ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ማን ይፈርድበታል?

ሆኖም በዚሁ ሰማይ ሰው የተሳፈረባት ቤትም ታልፋለች፤ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ አንድም ቀን ያለ ሰው አላደረችም። ከምድር ያላት ከፍታ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሐይቅ አዲስ አበባ በመኪና ካለው ርቀት ያንሳል። በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ስለምትበር ያንን ርቀት ለመጨረስ አንድ ደቂቃ ይበቃታል። ታች ያለው መንገደኛ ስንት ኬላ እንደሚጠብቀው ራሱ ያውቃል።

እንዴት ትለያለች? ድምፅ የላትም። እንደ አውሮፕላን ብልጭ ድርግም አትልም። ከምዕራብ በኩል እንደ ደማቅ ኮከብ ብቅ ብላ፣ ቢበዛ በስድስት ደቂቃ ገደማ ወደ ምሥራቅ ታልፋለች። የምትታየው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ወይም ከመውጣቷ በፊት ነው፤ ምድር ጨልሞ እሷ ላይ ግን ፀሐይ ሲያርፍባት። መሀል ሰማይ ላይ ድንገት ከጠፋች የምድር ጥላ ውስጥ ገብታለች ማለት ነው።

ይህን ማወቅ ከድሮን አያድንም። ከማያስፈራው ነገር መፍራትን ግን ያስቀራል። በጥር 2017 መጀመሪያ በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ የሚነድ ነገር ሲታይ፣ አገሩ በመሬት መንቀጥቀጥ ተጨንቆ ስለነበር ድንጋጤው እጥፍ ሆነ። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ነገሩ የጠፈር ስብርባሪ ወይም ተወርዋሪ ድንጋይ ሊሆን እንደሚችል አስረዳ። ሶሳይቲውን ከሃያ ዓመት በፊት ያቋቋሙት የሰማይ ወዳጆች ያኔ እንደ እብድ ታይተው ነበር። የእንጦጦው ኦብዘርቫቶሪም፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይትም የመጡት ከዚያ "እብደት" በኋላ ነው።

ወሎም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። ለተሻለ ኦብዘርቫቶሪ ሲታሰቡ ከነበሩት ቦታዎች የላሊበላ ተራሮች ይገኙበታል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ በላሊበላ ሰማይ የእሳት ቀለበት ስትሆን ብዙ ሰው በአንድነት አንጋጧል።

ጣቢያዋን ለማየት ቴሌስኮፕ አያስፈልግም፤ የምታልፍበትን ሰዓት ማወቅ በቂ ነው። ሰዓቱን የሚናገር የስልክ መተግበሪያ አለ፤ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት እንደተዘጋው ዓይነት ጊዜ ሲመጣ ደግሞ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ በጽሑፍ መልእክት ሊልከው ይችላል። ማታ መሰባሰብ ካልተመቸም የፊዚክስ መምህሩ ሰዓቱን ሰሌዳ ላይ ይጻፈው፤ ተማሪው ከደጁ ሆኖ ይይ።

ጣቢያዋ በፈረንጆቹ 2030 ገደማ ከአገልግሎት ወጥታ ወደ ውቅያኖስ እንድትወርድ ታቅዷል። የአምባሰል ልጅ ከዚያ በፊት አንድ ማታ ቀና ብሎ፣ ያለ ፍርሃት ሊያያት ይገባል።