ዘር የሌላት ተክል



በሐረር ጀጎል ረመዳን ሲቃረብ ግድግዳ ፍቆ ቀለም መቀባት የቆየ ልማዳችን ነው። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት የማስተምርበትን ግቢ ለማሳመር ተማሪዎቼን አሰማራሁ። ከውሃ በርሜሉ ጀርባ፣ ጠብታ በማይለየው የድንጋይ ግንብ ላይ፣ ዐረቦች «ኩዝበረቱል ቢእር» ማለትም የጉድጓድ ድንብላል የሚሏት ተክል ትበቅላለች። ቅጠሏ ድንብላል ይመስላል፤ ዘንጓ ቀጭንና ጥቁር ነው። በሳይንስ ከፈርን ወገን ትቆጠራለች።

አንዲት የአሥር ዓመት ተማሪ ቅጠሏን ገልብጣ አየችና፣ «ኡስታዝ፣ ይቺ አበባም ፍሬም የላትም። ታዲያ ዘሯ የት ነው?» አለችኝ።

አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት ግን ከበደኝ። «ዝም ብለሽ ፋቂ!» ብዬ ተቆጣኋት። ልጆቹ ሳቁባት። ከዚያ ቀን በኋላ ያቺ ልጅ በክፍል ውስጥ እጇን አላወጣችም።

ነገሩ ሲከነክነኝ ሰንብቶ፣ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መጽሐፌን ከሣጥን አወጣሁ። ለካስ በቅጠሉ ጀርባ፣ በታጠፈው ጠርዝ ሥር፣ ቡናማ ሆነው የሚታዩት የስፖር ከረጢቶች ናቸው። ከረጢቱ ሲደርቅ ተስፈንጥሮ ይከፈትና እንደ አቧራ የደቀቁ ስፖሮችን ይበትናል። ስፖር ዘር አይደለም፤ በውስጡ ሽል የለም። እርጥብ ቦታ ሲያርፍም በቀጥታ ፈርን አይሆንም። መጀመሪያ ከጣት ጥፍር የምታንስ፣ ልብ የምትመስል ስስ አረንጓዴ ነገር ይሆናል። ጋሜቶፋይት ትባላለች። የወንዴና የሴቴ ሕዋሳት የሚሠሩት በእሷ ሥር ነው። የወንዴው ሕዋስ በስስ ውሃ ውስጥ ዋኝቶ ወደ ሴቴዋ ይደርሳል፤ ውሃ ከሌለ መንገድ የለውም። ከተገናኙ በኋላ አዲሷ ፈርን ከዚያችው ልብ ላይ ትበቅላለች። ልቢቱም ልጇ ሥር እስክትሰድ መግባ ትሞታለች።

ይህን የሁለት ትውልድ መፈራረቅ በ1851 እ.ኤ.አ. በዝርዝር ያሳየው ጀርመናዊው ቪልሄልም ሆፍማይስተር ዩኒቨርሲቲ ያልገባ፣ በግሉ ያጠና መጽሐፍ ነጋዴ ነበር።

ባትሪ ይዤ ከበርሜሉ ጀርባ ጎንበስ አልኩ። ቆሻሻ ነው ብለን ስንፍቀው ከዋልነው አረንጓዴ ነገር በአንድ ጥግ ጥቂት ተርፏል። ትናንሽ ልቦች ነበሩ! ከአንዷ ላይ ጣት የማትሞላ ፈርን ብቅ ብላለች። ሱብሃነላህ! አላህ (ሱ.ወ) ምድር ከምታበቅለውም፣ ሰዎች ከማያውቁትም ጥንዶችን መፍጠሩን በሱረቱ ያሲን ስንት ጊዜ ቀርቻለሁ! ከማያውቁት ሰዎች አንዱ እኔ መሆኔን ግን አስቤው አላውቅም።

በማግስቱ በክፍሉ ሁሉ ፊት፣ «ልጄ፣ ያን ቀን አላውቅም ማለት ሲገባኝ ተቆጣሁሽ። አውፍ በይኝ» አልኳት። አንገቷን ደፋች እንጂ አልመለሰችልኝም። ሁሉንም ይዣቸው ወደ በርሜሉ ወጣን። እሷ ከሁሉም ይበልጥ ቆይታ አየች። በመጨረሻ ቀና ብላ፣ «ኡስታዝ፣ በርሜሉ ቢደርቅስ?» አለችኝ።

ውድ ወላጆች! ግድግዳችሁን ፋቁ፣ ቤታችሁን አሳምሩ። እርጥቡን ጥግ ግን ከመፋቃችሁ በፊት ከልጆቻችሁ ጋር ጎንበስ ብላችሁ እዩት። የማታውቁትን ቢጠይቋችሁም «አላሁ አዕለም» በሉና አብራችሁ ፈልጉ።