ለመጫን ይጫኑ

ነገሩ የተጀመረው በአንድ «እሺ» ነው። ሦስት ጓደኛሞች በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ የመመረቂያ ሥራችንን የምንሠራበት ጊዜ ነበር። ላፕቶፑ ተከፍቶ እስኪጨርስ አቦሉ ተጠጥቶ ቶና ይቀርብ ነበር። እና አንድ ማታ ቀለል ያለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም በፍላሽ ይዘን መጣንና (ስሙን አንጠራም) ልንጭነው ተቀመጥን። ጠየቀን፤ «እሺ» አልን። ደግሞ ጠየቀን፤ «እሺ» አልን። አምስተኛው ይሁን ስድስተኛው «እሺ» ላይ ሃርድ ዲስኩ ሙልጭ ብሎ ተጠረገ።

የጠፋው ፊልምና ዘፈን ብቻ ቢሆን ስቀን እናልፈው ነበር። አብሮ የሄደው ግን የአንድ ጡረታ የወጡ የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ድምፅ ነው። የሁለት ሰዓት ቃለ ምልልስ! እንደገና ልንቀዳቸው ስንሄድ «ታመዋል» ተባልን። በዚያው አረፉ። ጽሑፋችንን ከማስታወሻ ደብተር እንደምንም ጨረስነው። ሳቃቸውን ግን ደብተር ላይ አልጻፍነውም። (ግልባጭ ሳትይዙ ምን ነካችሁ የምትሉን አላችሁ። ልክ ናችሁ። የየእናቶቻችንም አስተያየት ይኸው ነበር።)

ታዲያ ባለፈው ዓመት ፕሮግራም የሚጽፍ ወዳጃችን መጣ። ለአንድ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት አሮጌ ኮምፒውተሮች የሚሆን ትንሽ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ማለት ነው) ሲስተም እያሰናዳ ነበር። «መጫኛው ቀላል እንዲሆን እፈልጋለሁ። እናንተ ጽሑፍ ታውቁ የለ? ቃላቱን ጻፉልኝ» አለን። የቃላት ጉዳይ ብቻ መስሎን ተስማማን።

መጀመሪያ ሌሎች እንዴት እንደሠሩት አየን። እ.ኤ.አ. በ1995 ከኔትቢኤስዲ የተገነጠለው ኦፕንቢኤስዲ መጫኛው ሥዕል የለውም፤ ማውዝም አይፈልግም። ተራ የሼል ስክሪፕት ነው። ይጠይቃል፣ የራሱን መልስ በቅንፍ ያስቀምጣል፣ ከተስማማችሁ ኢንተር ትላላችሁ። ብዙው ነገር በኢንተር ብቻ ያልቃል። ወደድነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ደነገጥን። ሌላ ሲስተም ያለበት ዲስክ አግኝቶ «ዲስኩን በሙሉ ልጠቀም ወይስ ታስተካክሉታላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ በቅንፍ የሚያስቀምጠው መልስ «በሙሉ» የሚለውን ነው። ኪቦርድ ያስመረጠችው ኢንተር፣ ያቺው ራሷ ዲስክ ታስጠርጋለች! መመሪያውን አንብቦ ለሚመጣ ሰው ምንም አይደለም። እንደኛ ለሚቸኩል ግን…

ሃይኩ ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 ኦፕንቢኦኤስ ተብሎ የተጀመረ፣ የቀረውን ቢኦኤስ መልሶ ለማስነሣት የሚሠራ ሲስተም ነው። ሲነሣ ቋንቋ ያስመርጥና «ሳትጭኑ ልትሞክሩኝ ወይስ ልትጭኑኝ?» ዓይነት ምርጫ ያቀርባል። መጫኛው ራሱ ትንሽ መስኮት ነው፦ ከየት፣ ወደየት፣ ጫን። ዲስክ መከፋፈሉ የሌላ ፕሮግራም ሥራ ነው። አደገኛው ሥራ የራሱ በር አለው ማለት ነው። ይህን ሐሳብ ወሰድን።

ደቢያን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2009 «ሌኒ» የተባለውን ሲያወጣ አማርኛ ወደ መጫኛው ገብቶ ነበር። ነገር ግን በግራፊክ መጫኛው ብቻ ነው፤ በጽሑፍ ብቻ የሚሠራው ስክሪን ፊደላችንን ማሳየት አይችልም ነበርና። ወዳጃችን እያንዳንዷን ሜጋባይት ቢቆጥርም ለፊደሉ ቦታ እንዲለቅ አስማማነው።

ከዚያ ወደ ቃላቱ ገባን። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገራችን «ለመጫን ይጫኑ» የምትል ነበረች። ወዳጃችን አንብቦ «ምኑን ነው የምጭነው፣ አህያውን?» አለ። እውነቱን ነው፤ ሲስተምም ይጫናል፣ ቁልፍም ይጫናል፣ አህያም ይጫናል። ስለዚህ ሲስተም ብቻ «ይጫን»፣ ቁልፍ «ይነካ» ብለን ወሰንን። ቀጥሎ ደግሞ ሰውየውን አንተ እንበል፣ አንቺ? እርስዎ ብለን ተገላገልን። ቁልፎቹ ላይ ግን ሰውየው ማሽኑን ነው የሚያዘው፤ እዚያ «ጫን»፣ «ተመለስ» ይበቃል።

ሰዓት መጠየቅም ጣጣ አለው። ጠዋት ላይ «ስንት ሰዓት ነው?» ብንል ሰው 3፡00 ብሎ ይጽፋል፤ ኮምፒውተሩ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አድርጎ ይቀበለዋል። ስለዚህ ከተማውን ብቻ ጠየቅን። በመጨረሻ አራት ጥያቄ ቀረን፦ ቋንቋ፣ ኪቦርድ፣ ከተማ፣ ዲስክ።

ለሙከራ የተከራየንበትን ግቢ ባለቤት፣ እትዬን፣ አስቀመጥናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው ያነባሉ። አራተኛው ጥያቄ ያኔ «ዲስኩ ፎርማት ይደረጋል። ይቀጥሉ?» የሚል ነበር። ሳይውሉ ሳያድሩ «እሺ»ን ነኩ።

«እትዬ፣ ምን እንዳለዎት ገባዎት?»

«ምን ይገባኛል ልጆቼ? እሺ የሚል አየሁ፣ እሺ አልኩት። እሺ ይበልጣል ከሺ አይደል?»

ያን ማታችንን አየነው። እኛም እኮ ትሑት ሆነን ነው የጠፋብን!

ወዳጃችን ጋር የተጨቃጨቅነው ከዚህ በኋላ ነው። እኛ ማሽኑ መጀመሪያ ዲስኩን አይቶ ያለውን ቆጥሮ ይንገር አልን። እሱ «ቀላል ነው የተባለው መጫኛ ሊከብድ ነው። ኮዱ ይበዛል፣ ይዘገያል፣ ሁሉንም ዓይነት ዲስክ ማንበብ አይቻልም» አለ። የማይነበብ ሲሆን «ያላየሁት ነገር አለ» ይበል አልነው። ስለ ፊደል ለቃሚው የነገርነው ያን ጊዜ ነው። ዝም አለ። ሁለት ሳምንት የሠራው ያንን ቆጠራ ነው።

እትዬን እንደገና ጠራናቸው። አሁን ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «በዚህ ኮምፒውተር ውስጥ 214 ፎቶዎችና 37 የድምፅ ፋይሎች አሉ። ከቀጠሉ ሁሉም ይጠፋሉ። መመለስ አይቻልም።» ሥሩ ሁለት ቁልፎች፦ «ሁሉንም አጥፋ» እና «ተው፣ አትንካ»። «እሺ» የሚባል ነገር የለም። ኢንተር ብትሉም ምንም አይሆንም፤ ከሁለቱ አንዱን መርጣችሁ መንካት ግድ ነው።

እትዬ እስከ መጨረሻው አነበቡ። ከዚያ እጃቸውን ከማውዙ ላይ እንደ እሳት አነሡ።

«ኧረ እኔ የሰው ፎቶ አላጠፋም! ባለቤቱን ጥሩልኝ።»

ወዳጃችን ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸው። መጫኛው አለቀ፤ ሳምንት ቤተ መጻሕፍቱ ይወስደዋል። እናንተም እስከዚያው የምትወዱትን ሰው ድምፅ ሁለት ቦታ አስቀምጡ።

ቸር እንሰንብት።