ስልክህ «ደደብ ነህ» ቢልህ ታምነዋለህ?

ታላላቆቻችን ሲያወሩ እንደምንሰማው፣ ድሮ ወንድና ሴት ሲተዋወቁ ከስም ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ኮከብሽ ምንድን ነው?» ነበር አሉ። ጋዜጣ ከሚገዛውም ሰው ብዙው መጀመሪያ የሚገልጠው የኮከብ ቆጠራውን ገጽ ነበር። ዘንድሮ ደግሞ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካሉት ካፌዎች አንዱ ውስጥ ገብታችሁ ጆሯችሁን ጣል ብታደርጉ የምትሰሙት ሌላ ነው። «አይኪዩህ ስንት ነው?» «118።» «አንቺስ?» «ኧረ ተወኝ!» ያመጣውን ቁጥር ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ የሚለጥፈውም ሞልቷል። የትዳር ፈላጊዎች ማስታወቂያ ላይ ከቁመትና ከሃይማኖት ቀጥሎ የሚጻፍበት ቀን ሩቅ አይመስለኝም።

መቼም ለጨዋታ ከሆነ ማን ይጠላል? ማኪያቶው እስኪመጣ ጊዜ ይገፋል። እኔን ብዕር ያስነሳኝ ግን ነገሩ ጨዋታ ያልሆነበት ሰው ነው።

ሰሚት የሚኖር የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ስሙን እንተወው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነበር። ያንን ፈተና የሚረሳው የለም። ተማሪው ተጭኖ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የተፈተነበት፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ የሆነበት ነው። (የሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ብሶ 3.2 በመቶ ሆነ!) እናላችሁ ልጁ ከቀረው 96.7 በመቶ ጋር አብሮ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ የአባቱ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ነው የሚውለው። ዘንድሮ እህቱ ለምና ለምና የማታ ትምህርት ሊመዘገብ፣ ሂሳብ አያያዝ ሊማር ተስማማ። በመሀል ስልኩ ላይ አንዱን የአይኪዩ ፈተና ሠራና 84 አመጣ። በቃ! «ለካ ችግሩ ትምህርት ቤቱ አልነበረም፣ ጭንቅላቴ ነው። ብራችሁን አትጨርሱ» ብሎ ፎርሙን መለሰላት። እህቱ ወደ እኔ መጣች። «አንቺ ጋዜጣ ላይ ትጽፊ የለ፣ እስቲ አናግሪው፤ አንቺን ይሰማሻል» አለችኝ።

እኔም 12ኛን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ ያልገባሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ጭንቅላት የማስተምረው ነገር የለኝም። ስለዚህ ከማውራቴ በፊት ራሴ ልፈተን ብዬ ገርጂ አንድ ካፌ ቁጭ አልኩ። የመጀመሪያው ድረ ገጽ 131 ሰጠኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ሁለተኛው ላይ ግማሹን እንደሠራሁ መብራት ሄደ፤ ዋይፋዩም አብሮ ሄደ፤ ሰዓቱ ግን ይቆጥራል። ኔትወርክ ሲመለስ 92 ሆኜ ተገኘሁ። ሦስተኛውን ቤት ገብቼ ለ9 ዓመቱ የእህቴ ልጅ ሰጠሁት። ጥያቄውን ሳያነብ፣ ድንች ጥብሱን እየበላ፣ ባገኘው ጣት እየነካካ ጨረሰው። 109! ሕፃኑ በ17 ነጥብ በለጠኝ።

ሚዛን ብትገዙና ጠዋት 60 ኪሎ፣ ቀትር ላይ 85፣ ማታ 70 ናችሁ ቢላችሁ ሚዛኑን ትጥሉታላችሁ እንጂ ሐኪም ቤት አትሄዱም። ደህና የሚባለው ፈተና ከወር በኋላ ቢደገም ተቀራራቢ ውጤት ነው የሚሰጠው።

እውነተኛው ፈተና ምን ዓይነት ነው? ነገሩን የጀመረው አልፍሬድ ቢኔ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ከባልደረባው ከቴዎዶር ሲሞን ጋር ያወጣው መለኪያ ዓላማው ትምህርት የከበዳቸውን ልጆች ለይቶ ተጨማሪ እርዳታ መስጠት ነበር። ጎበዝና ደደብ ብሎ ለመፈረጅ አልነበረም። እንዲያውም ቢኔ የሰው አእምሮ አንዴ ተለክቶ ያለቀ፣ የማይጨምር ነገር ነው የሚሉትን አጥብቆ ይቃወም ነበር።

ዛሬም ቢሆን ደንበኛው ፈተና ባለሙያ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚፈጅ ነው። ውጤቱም «ከዚህ እስከዚህ ባለው ውስጥ ነህ» ይላል እንጂ እንደ ሎተሪ ዕጣ አንድ ቁጥር ብቻ አይወረውርም። አማካዩ 100 ነው፤ ከ100 ሰው 68ቱ ገደማ በ85 እና በ115 መካከል ይወድቃል። ዋናው ቁም ነገር ግን ቁጥሩ የሚገኘው እናንተን ከሌሎች፣ ማለትም በዕድሜ ከሚመስሏችሁና ፈተናው ከተሞከረባቸው የአንድ አገር ሰዎች ጋር በማወዳደር መሆኑ ነው። የሰሚቱን ልጅ 84 ያለው ድረ ገጽ ከማን ጋር አወዳደረው? ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው፤ ተወዳዳሪዎቹ ማን እንደሆኑ የተጻፈ ነገር የለም።

ከማን ጋር የሚለው ጥያቄ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የዓለም አገሮች አይኪዩ እየተባለ በስልካችን የሚዞረውን ካርታ አይታችሁት ይሆናል፤ እኛ ሁሌ ከታች ነን። የዚህ ምንጩ ሪቻርድ ሊን የተባለ እንግሊዛዊና ታቱ ቫንሃነን የተባለ ፊንላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት መጽሐፍ ነው። ለኢትዮጵያ የሰጡት ቁጥር 63 ነበር። ታዲያ ኢትዮጵያ መጥተው ማንን ፈተኑ? ማንንም! ቁጥሩ የተወሰደው እስራኤል ውስጥ ከተፈተኑ 250 ገደማ ቤተ እስራኤላውያን ታዳጊዎች ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከዚሁ ከቦሌ ኤርፖርት ከ14 ሺህ በላይ ሰው የሄደበት ዘመቻ ሰለሞን ከመካሄዱ በፊት እዚያ የገቡ ልጆች ናቸው። ማኅበረሰቡ አብዛኛው ከጎንደር ገጠር የሄደ ነው። አገር ለቆ፣ ቋንቋ ተለውጦበት የኖረ ልጅ ፊት የቅርጽ እንቆቅልሽ ተዘረጋለት፤ ያመጣው ነጥብ የአዲስ አበባውም፣ የአፋሩም፣ የጋምቤላውም፣ የእኔና የእናንተም አይኪዩ ተብሎ ተመዘገበ። ጉድ አይደለም?

የሚገርመው ደግሞ እዚያው እስራኤል ሌሎች ተመራማሪዎች ነገሩን በሌላ መንገድ አዩት። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት፣ አንደኛ ክፍል የገቡ ኢትዮጵያውያን ልጆች መጀመሪያ ሲፈተኑ ከአገሬው ልጆች በታች ሆኑ። ጥያቄው እንዴት እንደሚታሰብ ለአጭር ጊዜ ካስተማሯቸው በኋላ ሲፈትኗቸው ግን ልዩነቱ በጣም ጠበበ። የሊንን የአገሮች ቁጥር በተመለከተም በአውሮፓ ያለ የሰውን ባህርይ የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ቁጥሩ ለምርምር አይሁን ብሎ መግለጫ አውጥቷል። ካርታው ግን እስከ ዛሬ ይዞራል።

ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት። «እሺ ይሁን፣ ግን ሒሳብ እኮ በእውነት አልችልም፤ 12ኛ ላይም የጣለኝ እሱ ነው» አለኝ። ይህን ሲለኝ ሱቁ ውስጥ ቆመን ነበር። አንድ ደንበኛ 14 ቆርቆሮ፣ 3 ኪሎ ሚስማርና ግማሽ ጥቅል ሽቦ ጠየቀ። ልጁ ካልኩሌተር ሳይነካ ዋጋውን ነገረው፤ ሰውዬው ቅናሽ ሲጠይቅም ስንት ቢቀንስ እንደማይከስር ወዲያው አሰበ። ከመገናኛ አያት የሚጭኑትን የታክሲ ረዳቶችም እዩአቸው፤ አንድ እግራቸው በር ላይ ሆኖ የሁሉንም ሰው ሒሳብና መልስ በየመውረጃው ያውቁታል። በብራዚል ሬሲፌ ከተማ ተመራማሪዎች መንገድ ላይ የሚነግዱ 5 ልጆችን እዚያው ሥራቸው ላይ ሒሳብ ቢጠይቋቸው 98 በመቶውን መለሱ። ያንኑ ዓይነት ሒሳብ በወረቀት ላይ በቁጥር ብቻ ሲሰጧቸው ወደ 37 በመቶ ወረዱ። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። አምስት ልጅ ትንሽ ነው ትሉኝ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ። ግን ያው ልጅ፣ ያው ጭንቅላት ነው።

ደንበኛው ከሄደ በኋላ የእህቴን ልጅ 109 ስነግረው ሳቀ፤ ፎርሙ ግን አሁንም ያልተሞላ መሳቢያ ውስጥ ነው። ምዝገባው ገና ሁለት ሳምንት አለው። እህቱ እንዳትጨቀጭቀው መክሬያታለሁ፤ መስማቷን እንጃ።

ለነገሩ ሁሉም ፈተና ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። በባለሙያ የሚሰጠው ፈተና ልጅ ትምህርት ላይ ለምን እንደተቸገረ ለማወቅ ይረዳል፤ በትምህርት ቤት ስለሚያመጣው ውጤትም በመጠኑ ይናገራል። ወላጅ የሆናችሁ፣ ልጃችሁ ከጓደኞቹ ወደኋላ ከቀረ ስልካችሁን ስጡትና ይፈተን አትበሉ፤ በቅድሚያ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ፣ ቀጥሎ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጠይቁ።

ሌላው ጉዳይ ገንዘብ ነው። ብዙዎቹ ድረ ገጾች ሠላሳ አርባ ጥያቄ በነፃ ካስለፏችሁ በኋላ «ውጤትዎ ደርሷል፣ ለማየት ይክፈሉ» ይላሉ። ዋጋው አንድ ሁለት ዶላር ስለሆነ አያስደነግጥም። አንድ የማውቀው የሲኤምሲ ልጅ አሜሪካ ያለች አክስቱን ለምኖ በካርዷ አስከፈለ። ለካ ከታች በደቃቁ የተጻፈው የወር ደንበኝነት ነው፤ በየወሩ ወደ 30 ዶላር ሲቆረጥባት አራት ወር ሞላ። እሱ እንደሆነ 122 አምጥቷል። እናንተም የራሳችሁን ወይም የዘመድ ካርድ አስገብታችሁ ከሆነ ዛሬውኑ የላኩላችሁን ኢሜይል ፈልጉና ደንበኝነቱን ሰርዙ፤ እምቢ ካሉም ባለካርዱ ባንኩ ደውሎ ያሳግደው።