ቤት ውስጥ ከልጆች ጋር በኮምፒውተር የምንሠራቸው ነገሮች



ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ልጆቻቸውን ይዘው ከሚመጡ ወላጆች ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አለ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው በመጨረሻ ላይ ነው። ለሳል የመጣው ልጅ ታይቷል፣ መድኃኒቱ ተጽፏል፣ እናት የበሩን እጀታ ይዛለች፤ ከዚያ ዞር ትልና «ዶክተር፣ ለመሆኑ ስክሪን ላይ ስንት ሰዓት ቢቆይ ነው የማይጎዳው?» ትላለች።

ለትንንሾቹ መልሱ አጭር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን አይመከርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ካነሰም የተሻለ ነው። ከአምስት ዓመት በላይ ላሉት ግን ድርጅቱ በ2020 ባወጣው መመሪያ ለመዝናኛ የሚውለው የስክሪን ጊዜ ይቀነስ ከማለት በቀር የሰዓት ቁጥር አላስቀመጠም። ስለዚህ ልጁ ሰባት ወይም አስር ዓመት ከሆነው እኔም ጥያቄውን በጥያቄ እመልሳለሁ፦ ምን እየሠራ ነው የሚቆየው? አጠገቡስ ማን ይቀመጣል?

ሁለት ሰዓት ሙሉ አፉን ከፍቶ ሌላ ልጅ የአሻንጉሊት ካርቶን ሲከፍት የሚያይ ልጅና ከአክስቱ ጋር እየተከራከረ አንድ ነገር የሚሠራ ልጅ ሰዓታቸው እኩል ቢሆንም እኔ እኩል አላያቸውም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ እኛ ቤት ስለሞከርነው። ኮምፒውተራችን ባትሪው የሞተ፣ ሶኬት ላይ ካልተሰካ የማይነሳ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። መብራት ሲሄድ ጨዋታው አለቀ ማለት ነው። እኔም ብሆን የተማርኩት ሕክምና እንጂ ኮምፒውተር አይደለም። ይህን የምለው «እኔ ምን አውቃለሁ?» ብላችሁ እንዳትሸሹ ነው።

የጀመርነው በኤክሴል ነው። አዎ፣ የመሥሪያ ቤት ሂሳብ የሚሠራበት ኤክሴል። ሁሉንም አምዶች መርጣችሁ ስፋታቸውን ወደ 2 ገደማ ስታወርዱት ገጹ ካሬ ካሬ ደብተር ይመስላል። ከዚያ ልጁ አንድ አንዱን ካሬ ቀለም እየሞላ ጥበብ ይሠራል፤ የሀበሻ ቀሚስ ላይ ያለውን ጥበብ ማለቴ ነው። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ የእኔን ነጠላ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ጥለቱን በጣቷ እየቆጠረች ወደ ስክሪኑ ማሻገር ጀመረች። ጥለት ለካ ሙሉ በሙሉ ቁጥር ነው። መሃሉ ካልተገኘ ግራና ቀኙ አይገጥምም። አንድ ካሬ ከተዘለለች ደግሞ መዛባቱ የሚታየው አስር ካሬ ከተሄደ በኋላ ነው።

በሁለተኛው ቀን ተጣበቅን። እናቴ አብራን ነው የምትኖረው፤ ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም። እጇን እየጠረገች ከወጥ ቤት መጣች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ትንሽ አየችና «መስቀሉ ወደ ግራ ሸሽቷል» አለች። በሁለት ካሬ ሸሽቶ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ አዛዧ አያት ናት፣ ልጄ ጸሐፊ። «ሦስት ወደ ላይ፣ አንድ ወደ ጎን፣ አሁን ቢጫውን» እየተባለ ይሠራል። የአምስት ዓመቱ ወንድሟ ቀለም መራጭ ሆኖ ተሹሟል፤ ሹመቱን አላግባብ ይጠቀምበታል፣ ለእሱ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው። ያለቀውን ሰፈር ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት በቀለም አሳትመን ፍሪጅ ላይ ለጥፈነዋል።

ሌላው ስክራች ነው። የአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ሚዲያ ላብ እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ያደረገው፣ ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች የታሰበ ነፃ ፕሮግራም ነው። ልጁ ትእዛዝ የተጻፈባቸውን ባለ ቀለም ቁራጮች እንደ ሌጎ እየገጣጠመ ተረት ወይም ጨዋታ ይሠራበታል። አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ከቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥም አማርኛ አለ። ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉት ስክራች ጁኒየር የሚባል ታናሽ አለው።

ልጄ ሰኞ ማክሰኞ የምትጫወት ድመት ልሥራ አለች። ድመቷ ተሠራች፣ ነገር ግን መስመር እየረገጠች አስቸገረች። ከዚያ ደግሞ መዞሪያው ላይ በአንድ እግር ነው ወይስ በሁለት የሚቆመው የሚል ክርክር ተነሣ። እኔ በልጅነቴ የተጫወትኩትና እሷ ትምህርት ቤት የምትጫወተው አልገጠመም። ክርክሩን ለመፍታት ጠመኔ ይዘን ግቢ ወጣን፤ አርባ ደቂቃ ያህል ዘለልን። ላፕቶፑ እዚያው ሶኬት ላይ እንደተሰካ ጠበቀን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ማውሱን አትንጠቁ። ልጁ ሲሳሳት የወላጅ እጅ ይበላዋል፣ አውቃለሁ። «አሁን ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁና ጠብቁ። ዝምታው ይረዝማል። ይርዘም።

ወደ ሥራዬ ልመለስና የጤናውን ነገር ላንሣ። ስክሪን ላይ ስናፈጥ የዓይናችን መርገብገብ ይቀንሳል፤ ዓይን የሚደርቀውና የሚቆጠቁጠው ለዚህ ነው። በየ20 ደቂቃው ልጁ ቀና ብሎ ቢያንስ 6 ሜትር የሚርቅ ነገር፣ ለምሳሌ በመስኮት የጎረቤትን ጣሪያ፣ ለ20 ሰከንድ ይመልከት። ስክሪኑ ክንድ ያህል ይራቅ። እግሩ ወለል ካልደረሰ በርጩማ አድርጉለት። ላፕቶፕ ብርድ ልብስ ላይ አይቀመጥ፣ ይግላል፤ ሽቦው የተላጠ ቻርጀር ደግሞ ከልጅ ይራቅ። ከመኝታ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ይዘጋ። በቀን ብርሃን ውጪ መጫወት ልጆችን ከርቀት ያለማየት ችግር እንደሚከላከል ጥናቶች ያሳያሉ፤ ስለዚህ ጠመኔውን አትርሱ። ልጁ ዓይኑን አጨንቁሮ የሚያይ፣ ወደ ስክሪኑ እየተጠጋ የሚሄድ ወይም ራሱን ደጋግሞ የሚያመው ከሆነ የዓይን ምርመራ ያስፈልገዋል። ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል ማገናኘት ያልጀመረ፣ ወይም ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ ካላችሁ ደግሞ የኮምፒውተሩን ነገር ተዉትና ሐኪም ጋ አምጡት። «የወንድ ልጅ አፍ ይዘገያል» እያላችሁ አትጠብቁ።

አንዱን ፕሮጀክት ለመጨረሻ ያቆየሁት ከሁሉም ስለምወደው ነው። የእናቴን ተረቶች እየቀዳን ነው። ኦዳሲቲ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ በላፕቶፑ ማይክ ትቀዳላችሁ፣ ድምፁ እንደ ሞገድ ሆኖ ይታያል፣ ያልተፈለገውን ትቆርጣላችሁ። እናቴ «ተረት ተረት» ትላለች፣ ልጆቹ «የላም በረት» ይላሉ። ማጀቢያውን የሚሠሩት ልጆቹ ናቸው። ዝናቡ ቆርቆሮ ውስጥ የሚናወጥ ሽምብራ ነው። ጅቡ ትንሹ ልጄ ነው፤ ለአንድ ጩኸት አራት ጊዜ ይለማመዳል።

አራተኛውን ተረት ስናስተካክል ልጄ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ «እማዬ፣ አያቴ ይሄን ሁለቴ ብላዋለች» አለችኝ። እውነት ነው። ጅቡ ወንዝ የሚሻገርበት ክፍል በአራት ደቂቃ ልዩነት፣ በዚያው ቃል፣ እንደ አዲስ ተነግሯል። «ልቁረጠው?» አለች። ሁለቱም ይቆዩ አልኳት። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ተራ በተራ ሰማኋቸው።

ቤታችሁ ውስጥ አንድን ነገር መልሰው መላልሰው የሚያወሩ፣ መንገድ የሚጠፋባቸው ወይም ገንዘብ መቁጠር የከበዳቸው አዛውንት ካሉ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት። የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርት፣ የመስማት ችግር፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም የመርሳት ችግር ያመጣሉ፤ እነዚህ ደግሞ መታከም የሚችሉ ናቸው። ሌላ ዓይነት ሕመም ቢሆን እንኳ በጊዜ መታወቁ ለቤተሰቡ ይጠቅማል። እናቴ ተመርምራ ቢ12 ዝቅ ብሎ ተገኝቷል፤ መርፌ ጀምራለች። መርሳቱ የዚያ ብቻ ይሁን አይሁን ገና አልለየም። ይህንን የምጽፈው «ሌላው ይማርበት» ብላ ፈቅዳልኝ ነው።

ቀረጻው ቀጥሏል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከቡና በኋላ። እስካሁን ሰባት ተረት አለን። እናንተም ከጀመራችሁ ፋይሉ ላይ የተረቱን ስምና ቀኑን ጻፉ፤ ላፕቶፑ ላይ ብቻ አትተዉት፣ ይበላሻል። ሁለት ፍላሽ ላይ ገልብጡና አንዱን ሌላ ቤት አስቀምጡ። የእኛው ወንድሜ ቤት፣ የቡና ስኒዎቹ ያሉበት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።